ስለ አንድ የሙዚቃ ጓድ መፍረስና ስለ አድናቂዎቹ ክስ

የሮክ ሙዚቃ ከሚወዱ ሰዎች መካከል ስለ ሌድ ዜፐሊን ጨዋታ በተነሣ ቍጥር አንድ ክስ ሳይሰማ አይቀርም። ተከሳሹ ዘፋኙ ሮበርት ፕላንት ነው። «ሦስቱ በሕይወት ሳሉ፣ ዓለም ሁሉ እየለመናቸው፣ እርሱ እንቢ ብሎ ጓዱን እንደ ፈረሰ አስቀረው፤ ለዚህ ክብር ላበቃው ሕዝብ ዕዳ አለበት» ይላሉ። ክሱ ከ40 ዓመት በላይ የቈየ ነው። ከሳሾቹ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ከእነርሱም ውስጥ የምናከብራቸው የተማሩ ሰዎች ስላሉ፣ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ግን «ለጩኸት ደግሞ ልቅሶ አለውን?» እያለ ከሚያፌዘው ወገን ጋር ያለንን ነገር እንጨርስ። ሙዚቃው ላይጥመው ይችላል፤ የእኛም ጆሮ እስኪለምደው ድረስ ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። ነገር ግን ሰው በ15 ዓመቱ ሌሊት ብቻውን ሆኖ ያደመጠው ድምፅ ከአካሉ እንደ አንዱ ይሆናል። ያ ድምፅ ዳግመኛ አይሰማም ሲባል ቢያዝን ምን ያስቃል? ለዚህ ወገን ከዚህ የበለጠ ቀለም አናባክንም።

ሌድ ዜፐሊን በ1968 በለንደን የተቋቋመ የአራት ሰዎች ጓድ ነበር። ጂሚ ፔጅ ጊታር፣ ጆን ፖል ጆንስ ባስ ጊታርና ኦርጋን ይጫወቱ ነበር፤ ፕላንት ይዘፍናል፤ ጆን ቦናም ከበሮ ይመታል። በ12 ዓመት ውስጥ ከአራቱ አንድም ሰው አልተለወጠም። በሴፕቴምበር 1980 ወደ አሜሪካ ሊያደርጉት ላሰቡት ጉዞ ልምምድ ጀመሩ። ቦናም ቀኑን ቮድካ ሲጠጣ ውሎ በፔጅ ቤት እንደ ተኛ፣ በወሩ 25ኛው ቀን ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ሹም ሳይታሰብ የደረሰ አደጋ ነው ሲል ወሰነ። ነገሩን ከጥንቈላ ጋር ያያያዙ ጋዜጦችም አልጠፉም፤ የመጠጥን ሥራ ለሰይጣን መስጠት በየአገሩ የተለመደ ነው።

ጉዞው ተሰረዘ። በዲሴምበር 4 ቀን የቀሩት ሦስቱ አጭር መግለጫ አውጥተው፣ ወዳጃቸውን ካጡ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊቀጥሉ እንደማይችሉ አስታወቁ። በሞቱና በመግለጫው መካከል በነበሩት አሥር ሳምንታት ግን የታወቁ የከበሮ መቺዎች ስም በወሬ ይዞር ነበር። ሐዘንተኞቹ ገና ዝም ብለው ሳሉ ለቀስተኛው ተተኪ ይሾም ነበር ማለት ነው።

እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነን። አንድ ጸሐፊ ቢሞት ወይም ቢዛወር መደቡ ባዶ እንዳይቀር ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተወዳዳሪ ይፈተናል፤ ሌላ ሰው በዚያው ወንበር ተቀምጦ በዚያው ማኅተም ይሠራል። እንዲህም መሆን ይገባዋል፤ ባለጉዳይ ሊጉላላ አይገባምና። ከሳሾቻችን የተሳሳቱት ራሳቸውን እንደ ባለጉዳይ፣ ጓዱንም እንደ መሥሪያ ቤት በመቍጠራቸው ነው። ቦናም መደብ አልነበረም። ሌሎች በሁለት እግር የሚያወጡትን ምት እርሱ በአንድ እግሩ ያወጣ ነበር፤ የፔጅ ጊታር የሚሄድበትን መንገድ የሚጠርግለትም ይኸው እግር ነበር። «ከበሮ መቺ ምን አለው? ሌላ ይቀጠራል» ለሚል ሰው አባቶቻችን ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ብለው መልሰውለታል። ስለ ዕዳውም ቢሆን፣ ሸክላ የገዛ ሰው ሸክላውን ተቀብሏል፤ ሒሳቡ እዚያው ተዘግቷል። በደረሰኙ ላይ የዘፋኙ ቀሪ ዕድሜ አልተጻፈም።

«በዚያው ዓመት ኤሲ ዲሲስ እንዴት ቀጠለ?» የሚል ጥያቄ ይመጣብናል፤ ጥያቄውም ከባድ ነው። የኤሲ ዲሲ ዘፋኝ ቦን ስኮት በፌብሩዋሪ 1980 በ33 ዓመቱ ሞተ። ጓደኞቹ ብራያን ጆንሰንን ተክተው በጁላይ «ባክ ኢን ብላክ» የተባለውን ሸክላ አወጡ። ሽፋኑን ለሐዘን ጥቁር አደረጉት፤ መጀመሪያውንም በደወል ድምፅ ከፈቱት። በዓለም እጅግ ብዙ ከተሸጡት ሸክላዎች አንዱ ሆነ። መልካም ሥራ ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን ይህ ማስረጃ ለከሳሾቹ አይመሰክርም። ለመቀጠል የወሰኑት ከሟቹ ጎን ቆመው ይጫወቱ የነበሩት ናቸው፤ የሟቹም ቤተ ሰዎች ቀጥሉ ብለው እንደ መከሩአቸው ይነገራል። በሲድኒ ወይም በኒው ዮርክ ያለ አድናቂ ድምፅ አልሰጠበትም። እነዚህ ቀጠሉ፤ እነዚያ ተዉ፤ ሁለቱም የተወሰኑት በባለቤቶቹ ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለምን?

ፕላንትን የሚከሱት ደግሞ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። በጁላይ 1977 ጓዱ በአሜሪካ ሲዘዋወር የፕላንት የአምስት ዓመት ልጅ በእንግሊዝ አገር ታሞ ሞተ፤ ጉዞውም ተቋረጠ። ከጓዱ አባሎች መካከል አብሮት ተመልሶ በቀብሩ ላይ የተገኘው ቦናም ነበር። ሁለቱ ከሌድ ዜፐሊን በፊትም በወጣትነታቸው አብረው ተጫውተዋል። ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ ያ ሰው ራሱ ሞተ። በልቅሶ ከጎን የቆመ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻንም፤ እንዲህ ባለው ሰው ስፍራ ሌላ አቁሜ አልዘፍንም ያለን ሰው ግን ንፉግ ስንለው እንገኛለን።

በዚህ ክርክር እኛ ኢትዮጵያውያን ፈጽሞ ባዕዳን አይደለንም። በአገራችን አቆጣጠር በ1977 ዓ. ም. ወገናችን በረኃብ ሲያልቅ፣ በጁላይ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ የተባለው ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ ተደረገ። ሦስቱም ስለ እኛ ረኃብተኞች ብለው በፊላደልፊያ ወደ 90 ሺህ በሚሆን ሕዝብ ፊት እንደገና ተሰበሰቡ። በቦናም ፈንታ ሁለት ከበሮ መቺዎች ተቀመጡ፤ ከሁለቱ አንዱ ፊል ኮሊንስ በዚያው ዕለት በለንደን ተጫውቶ በኮንኮርድ አውሮፕላን የደረሰ ነበር። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። የፔጅ ጊታር ግን ቅኝቱ ተበላሽቶ፣ የፕላንት ድምፅም ሻክሮ ነበር። በ2004 የዝግጅቱ ፊልም ለሽያጭ ሲወጣ የእነርሱ ክፍል እንዳይገባ ከለከሉ፤ በምትኩም ከሌላ ሥራቸው ከሚገኘው ገቢ ለዚሁ በጎ አድራጎት ለመስጠት ቃል ገቡ። ስለ መምጣታቸው ምስጋናችን ሙሉ ነው፤ በዚህ ነገር አናላግጥም። ዳሩ ግን ከዚያ የሚበልጥ ምክንያት ከየት ይመጣል? ለዚያ እንኳ ሁለት ሰው አንድ ቦናም ሊወጣው አልቻለም።

በዲሴምበር 2007 የአትላንቲክ ሸክላ ኩባንያ መሥራች የነበረውን አህመት ኤርተጉንን ለማሰብ በለንደን አንድ ሌሊት ተጫወቱ። ለ20 ሺህ ያህል ስፍራ ከ20 ሚሊዮን በላይ ጥያቄ ቀረበ፤ ለበጎ አድራጎት በተደረገ ጨረታ ሁለት ትኬት በ83 ሺህ ፓውንድ የገዛ ሰውም ነበር። ጨዋታው እጅግ ያማረ ሆነ። ከሳሾቹም «ይኸው ይቻላል!» ብለው ተነሡ። እኛ ግን ያን ሌሊት የምናየው እንደ ተዝካር ነው፤ በየሳምንቱ ተዝካር የሚያወጣ ሰው አናውቅም። በ2008 የቀሩት ሌሎች ዘፋኞችን ሞክረው ነበር፤ በ2009 መጀመሪያ አሳቡን ተዉት። ፕላንት በበኩሉ ከአሊሰን ክራውስ ጋር በሠራው ሸክላ በፌብሩዋሪ 2009 የዓመቱን ምርጥ አልበም የግራሚ ሽልማት ተቀበለ፤ ንፉግ የተባለው ሰው ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም ነበር።

በዚያ የለንደን ሌሊት ከበሮውን የመታው የሟቹ ልጅ ጄሰን ቦናም ነው። አባቱ ሲሞት የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በአባቱ ስፍራ ሲቀመጥ 41 ዓመት ሞልቶት፣ አባቱን በዕድሜ በዘጠኝ ዓመት በልጦት ነበር።