የቲክ ወለል ገበያ፦ ላዩ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በእንግሊዝ አገር ቦርንመዝ ከተማ የተሰየመው ፍርድ ቤት ሰንሲከር የተባለውን ዕውቅ የመዝናኛ ጀልባ ሠሪ ኩባንያ በጠቅላላው ከ350 ሺህ ፓውንድ በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። ኩባንያው የተከሰሰው ግብር ሸሽጎ ወይም የደንበኛ ገንዘብ በልቶ አይደለም። ወደ አገር ያስገባው እንጨት፣ ከማይንማር የመጣው ቲክ ጭምር፣ ከየት ጫካ፣ በማን እጅና በምን ሕግ እንደተቆረጠ ሕጉ በሚያዘው መጠን ሳያጣራ በመቅረቱ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2024፣ የሆላንድ ዐቃቤ ሕግ በተራው ኦሽንኮ የተባለውን መርከብ ገንቢ 150 ሺህ ዩሮ አስቀጣው። ምክንያቱ ለአሜሪካዊው ባለጸጋ ለጄፍ ቤዞስ በተሠራችው «ኮሩ» በተሰኘችው ጀልባ ላይ የዋለው የማይንማር ቲክ ነበር።

ገንዘቡ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚነግዱ ኩባንያዎች ብዙ አይደለም። ቁም ነገሩ ያለው ቅጣቱ ለገበያው በላከው መልእክት ላይ ነው። በፈረንጅ አፍ «ያት» የሚባለው የቅንጦት ጀልባ ወለሉ የበርማ ቲክ ካልሆነ ጀልባ አይባልም ሲባል ብዙ ዘመን ኖሯል። ይኸው የኩራት ምልክት ዛሬ ዕዳ ሆኗል። እንግዲህ ወለል የሚያሠራም ሆነ ወለል የለበሰ ጀልባ የሚገዛ ሰው የጥያቄውን ቅደም ተከተል መለወጥ ይኖርበታል። መጀመሪያ የእንጨቱ ወረቀት፣ ቀጥሎ አናጢው፣ የእንጨቱ መልክ ደግሞ በመጨረሻ መምጣት አለበት። ገበያው ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚሄደው በተቃራኒው ነው።

እንጨቱ ለምን ተወደደ?

ቲክ ለባሕር የተፈጠረ እንጨት ነው ቢባል ያስኬዳል። የተፈጥሮ ዘይት ስላለው ውሃ ቶሎ አይሰርገውም፤ ምስጥና ሻጋታም አይደፍሩትም። ሲረጥብና ሲደርቅ እንደ ሌላው እንጨት ብዙ አያብጥም፣ አይኮማተርም፣ አይጣመምም። ውሃ ቢፈስበት እንኳ ባዶ እግርን አያንሸራትትም። ቀለምና ቫርኒሽ ሳይነካው ቢውል ፀሐይና ጨው ብርማ ግራጫ ያደርጉታል እንጂ አይበሉትም። የባሕረ ሰላጤው ዐረቦች ከህንድ ማላባር ጠረፍ ቲክ እያስመጡ መርከቦቻቸውን ሲሠሩ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የዚህ ዛፍ የተፈጥሮ አገሩ ህንድ፣ ማይንማር፣ ታይላንድና ላኦስ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈጥሮ ደኗ እንዳይቆረጥ ከከለከለች በኋላ የጀልባ ሠሪው ዓይን ማይንማር ላይ አረፈ። በዚያ ጫካ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀስ ብሎ ያደገው ዛፍ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለውና መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ጣውላ ይወጣዋል። ገበያው ሲከፍል የኖረው ለዚህ ነው።

ይሁንና በማይንማር ይህን እንጨት የመሸጥ ሥልጣን ያለው አንድ የመንግሥት የእንጨት ድርጅት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ ግንድ እንዳለ ከአገር እንዳይወጣ ታገደ፤ የተሰነጠቀ ጣውላ ብቻ ይወጣ ጀመር። በፌብሩዋሪ 2021 የጦር መኮንኖች ሥልጣን ነጠቁ። በዚያው ዓመት አሜሪካ በኤፕሪል፣ የአውሮፓ ኅብረትና እንግሊዝ ደግሞ በጁን ወር ድርጅቱን ከማዕቀብ መዝገብ አስገቡት። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማይንማር ቲክ የሚከፈል ገንዘብ መጨረሻው የጄኔራሎቹ ካዝና ነው ተብሎ ይቆጠራል።

እንጨቱ ግን ከገበያ አልጠፋም፤ መንገዱ ረዘመ እንጂ። በሦስተኛ አገር በኩል ይዞርና «የድሮ ክምችት ነው»፣ «ከማዕቀቡ በፊት የተገዛ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ብቅ ይላል። ነጋዴውም «ወረቀት አለኝ» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ለመሆኑ የምን ወረቀት? ገና ማዕቀቡ ሳይመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ አንድ የስዊድን ፍርድ ቤት ከማይንማር ባለሥልጣናት የተገኘ ሰነድ ብቻውን እንጨቱ ከየትኛው ጫካ እንደተቆረጠ አያሳይም ብሎ በአስመጪው ላይ ፈርዷል። ማኅተም ያለበት ሁሉ ማስረጃ አይደለም ማለት ነው።

የተተከለው ቲክስ?

የዚህ ክርክር ተቃዋሚዎች ጥቂት አይደሉም። የድሮ አናጢዎች በሰው እጅ የተተከለ ቲክ ከጫካው ቲክ አይወዳደርም ይላሉ። አባባላቸው እውነት አለው። በፍጥነት ያደገ ዛፍ ጣውላው አጠር ይላል፤ ከቅርፊቱ በታች ያለው ነጣ ያለና ቶሎ የሚበሰብስ ክፍሉ ይበዛል፤ መልኩም ይዘበራረቃል። ሠላሳ ሜትር ለሚረዝም ጀልባ አንድ መልክ ያለው ረጅም ጣውላ ለሚፈልግ ሰው ይህ እንቅፋት ነው።

ነገር ግን የአብዛኛው ገዢ ጀልባ ሠላሳ ሜትር አይደለም። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ሜትር ጀልባ በደንብ የተመረጠ የተተከለ ቲክ ይበቃል። የኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ከጥንት ጀምሮ ታለማዋለች፤ ኮስታሪካና ፓናማ ይሸጡታል፤ በአፍሪካም ጋና፣ ኮትዲቯርና የታንዛኒያው የኪሎምቤሮ ሸለቆ ቲክ ያመርታሉ። በኢትዮጵያ ጎረቤት በደቡብ ሱዳን ኢኳቶሪያም በእንግሊዞች ዘመን የተተከለ ቲክ አለ፤ ጦርነት የቆየበት አገር እንጨት በመሆኑ ግን የወረቀቱ ጥያቄ እዚያም አይቀርም። የተተከለ እንጨት ትልቁ ጥቅሙ የዛፉ ቦታና ባለቤት በካርታ ሊታወቅ መቻሉ ነው። ገዢው በመልክ የሚያጣውን በሰላም እንቅልፍ ያገኘዋል።

ቁም ነገሩ አሰነጣጠቁ ላይ ነው

ከየትም ይምጣ ከየት፣ ገዢው ጣውላውን ቀና አድርጎ ጫፉን ይመልከት። የዕድሜ መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች ቆመው ከታዩ ጣውላው በትክክል ተሰንጥቋል፤ እኩል ያልቃል፣ አይሰነጠርም። መስመሮቹ ተኝተው ከታዩ ግን ለስላሳው ክፍል ቀድሞ እየተበላ ወለሉ ይጎረብጣል። ቆሞ የሚሰነጠቅ ጣውላ ከአንድ ግንድ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ተኝቶ የተሰነጠቀ የጫካ ቲክ ግን ቆሞ ከተሰነጠቀ የእርሻ ቲክ ያንሳል። «በርማ» የሚለው ስም ይህን ልዩነት ሲሸፍን ኖሯል።

ውፍረትም እንዲሁ ያሳስታል። ወፍራም የተሻለ ይመስላል። የቲክ ክብደት በአንድ ሜትር ኩብ በአማካይ 650 ኪሎ ግራም ነው ቢባል፣ 40 ካሬ ሜትር ወለል በ10 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሲለበስ 260 ኪሎ ይመዝናል፤ በ20 ሚሊ ሜትር ሲለበስ 520 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሸክም የሚቀመጠው ከውሃው በላይ ነው፤ ጀልባዋን ያወዛውዛል፣ ነዳጅም ያስበላል። በሌላ በኩል 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተገዛ ማለት 12ቱም ይረገጣል ማለት አይደለም። በጣውላዎቹ መካከል ያለው በጥቁር ጎማ የሚሞላው ቦይ ብዙውን ጊዜ ጥልቀቱ የጣውላውን ግማሽ ያህል ነው። ወለሉ ተፍቆ ተፍቆ ቦዩ ሲያልቅ ጎማው ይላቀቃል፤ ወለሉም ያኔ ሞተ ይባላል። ሻጩን «ውፍረቱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ «ቦዩስ ስንት ይጠልቃል?» ሲባል ነው የሚሞላው።

የአናጢው ድርሻ

የድሮ ጀልባዎች ወለል በቪቴ ይመታ ነበር። በአንዲት መካከለኛ ጀልባ ላይ የሚመቱት ቪቴዎች በሺህ ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱም ከወለሉ ሥር ያለውን ፋይበር ግላስ የሚበሳ ቀዳዳ ነው። የቪቴውን ራስ የሸፈነው የእንጨት ውታፍ ሲላላ ውሃ በቀዳዳው ይወርዳል። ከሥር ያለው ባልሳ ወይም ኮምፔንሳቶ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይበሰብሳል። ከላይ ወርቅ የመሰለ ወለል፣ ከሥር ጭቃ የሆነ ጀልባ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የዛሬው ደንበኛ አሠራር ሙጫ ነው። በመጀመሪያ የጀልባዋ ወለል በላስቲክ ላይ ልኩ ይነሣል፤ ጣውላዎቹ በወርክሾፕ ውስጥ በልኩ ተገጣጥመው ያልቃሉ፤ ከዚያ ተጓጉዘው በኤፖክሲ ወይም በፖሊዩሬቴን ሙጫ ይለጠፋሉ። እስኪደርቅ በክብደት ወይም አየር በሚመጥ ሽፋን ተጭነው ይቆያሉ። አናጢው የሚፈተነው ከዓይን በተሰወሩት ጥቃቅን ሥራዎች ነው። ቲክ ዘይታም ስለሆነ ሙጫ ከመነካቱ በፊት በአሴቶን መጠረግ አለበት፤ ተጠርጎም ቢያድር ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። ቦዩ ሲሞላም ጎማው ግራና ቀኝ ያሉትን ግድግዳዎች ይያዝ እንጂ ወለሉን መያዝ የለበትም። ለዚህም ከሥር ቀጭን ቴፕ ይነጠፋል። ቴፑ ከተዘለለ እንጨቱ ሲሳሳብ ጎማው ይቀደዳል። እነዚህን ሥራዎች የዘለለ አናጢ ርክክቡ ዕለት አይታወቅበትም፤ የሚታወቅበት ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ የሥራ ውል የሚጽፍ ሰው የእንጨቱን ስም ብቻ ጽፎ መፈረም የለበትም። የሙጫው ዓይነት፣ የእንጨቱ እርጥበት መጠን፣ የቦዩ ጥልቀትና የዋስትናው ዘመን በውሉ ላይ ይስፈሩ። ለየደረጃው ፎቶግራፍ ይጠየቅ። ከመጨረሻው ክፍያም የተወሰነው አንድ በጋና አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ።

ቲክ የሚመስል ፕላስቲክም ገበያ ላይ አለ፤ ወረቀትም መፋቂያም አይጠይቅም። ይሁንና በፀሐይ በተለይ ጠቆር ያለው ክፉኛ ይግላል። እንደ ዱባይ ባለ አገር በባዶ እግር ሊቆምበት የሚያስብ ሰው ናሙናውን ቀትር ላይ ፀሐይ አስመትቶ በእግሩ ይፈትነው።

ደላላው ምን ይላል?

ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው ግን አዲስ በሚያሠራው ላይ ሳይሆን አሮጌ በሚገዛው ላይ ነው። በአሮጌ ጀልባ ገበያ ውስጥ «ወለሉ ገና አሁን ታድሷል» የሚለው ቃል እንደ ምስክርነት ይቆጠራል። መቆጠር የሚገባው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው። የታደሰ ማለት ብዙውን ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ተፈቅፍቆ ግራጫው ተነሥቶለታል ማለት ነው፤ በዚያው ልክ ሳስቷል። ግራጫ መልክ ይዞ የተቀመጠ ወለል ዕድሜውን አልደበቀም፤ ወርቃማ ሆኖ የቀረበው ነው ሊመረመር የሚገባው። በመዶሻ እጀታ ሲንኳኳ ድምፁ ሲደነቁር፣ የእርጥበት መለኪያው ሲጨምር፣ የእንጨት ውታፎች ብቅ ብቅ ሲሉ፣ ዋጋው መውረድ አለበት። አሮጌ ወለል ለማንሣት የሚፈጀው የሰው ጉልበት ብዙ ነውና ቅናሹ የእንጨቱን ዋጋ ብቻ የሚሸፍን መሆን የለበትም።

ሐቀኛ ደላላ ይህን አስቀድሞ ቢናገር ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ዛሬ ገዢው ወደ አውሮፓ ወደብ ሲገባ ወይም ጀልባዋን መልሶ ሲሸጥ «ይህ እንጨት ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ሊከተለው ይችላል። መልስ የሌለው ጀልባ ዋጋው ይወድቃል።

ጉዳዩ ባሕር ለሌለው አገር ነጋዴ የሩቅ ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውና የተፈጻሚነቱ ጊዜ በተደጋጋሚ የተገፋው የደን ጭፍጨፋ ደንብ እንጨትንና ቡናን በአንድ መዝገብ አስፍሯቸዋል። ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ተለይቶ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ዛሬ የቲክ ነጋዴው የገጠመው ጥያቄ ነገ የቡና ላኪውን በር ያንኳኳል። የቲክ ነጋዴው ጥፋት መጥፎ እንጨት መሸጡ አልነበረም፤ እንጨቱ ግሩም ነበር። ጥፋቱ ጥራት ካለ ማንም ምንጩን አይጠይቅም ብሎ ማመኑ ነው። ይህንኑ እምነት ይዞ የሚጠብቅ የቡና ነጋዴ ካለ፣ የጀልባ ሠሪዎቹን የፍርድ ቤት መዝገብ አስተርጉሞ ቢያነብ ከብዙ ወጪ ይድናል።