ቀን መቀየር ማደስ አይደለም



በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ትልቁ ክፍል በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲፈርስ፣ ነዋሪውም ነጋዴውም ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሄደ። በስልካችን ውስጥ ያለው ካዛንቺስ ግን ከነጋዴው ጋር አልሄደም። ቂርቆስ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ወይም ሐላል ምግብ ቤት ብሎ የሚፈልግ ሰው ዛሬም የማይኖር በር ሊጠቆመው ይችላል። ጽሑፉ ያኔ ሲጻፍ እውነት ነበር፤ ሳይታደስ ስለቀረ ግን አሁን ሰውን ያሳስታል።

ይህ ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ከመካከላችን ለአጎቱ ሱቅ ወይም ለሰፈሩ ነጋዴ ድረ ገጽ የሚሠራ ብዙ ነው። ነጋዴውም የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጎግል ላይ ከላይ እንድወጣ ምን ይደረግ?» በተማሪው ዘንድ የሚዘዋወረው መልስ ደግሞ «ቶሎ ቶሎ አድሰው» የሚል ነው። ይህ መልስ ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሹ ግን ወደ ማጭበርበር ሊወስደን ይችላል።

እውነት የሆነውን እናስቀድም። መፈለጊያው ገጾችን በፕሮግራም እየዞረ ያነብባል፣ ያነበበውን በራሱ ማውጫ ያስቀምጣል፣ ጥያቄ ሲመጣም ከማውጫው እየመረጠ ደረጃ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚለወጥን ገጽ ቶሎ ቶሎ ይጎበኛል፤ ለዓመታት ያልተነካውን ግን አልፎ አልፎ ብቻ ያየዋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በጁን 2010 «ካፌይን» ያለውን አዲስ ማውጫ ሲያስተዋውቅ፣ ውጤቱ ከቀድሞው በ50 በመቶ የበለጠ ትኩስ እንደሚሆን ገልጾ ነበር። በኖቬምበር 2011 ደግሞ ለትኩስነት ክብደት የሚሰጥ ለውጥ አደረገና 35 በመቶ የሚሆኑትን ፍለጋዎች እንደሚነካ አስታወቀ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ እንበል፤ 35 በመቶ እንጂ መቶ በመቶ አላለም። ትኩስነት የሚመዘነው እንደ ጥያቄው ነው። «ካዛንቺስ ስሙን ከየት አገኘ?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» የተባሉ ቤቶች ናቸው የስሙ ምንጭ። ይህን በትክክል ያስረዳ የአሥር ዓመት ጽሑፍ ዛሬም ትክክል ነው፤ ቃላቱን ማገላበጥ ምንም አይጨምርለትም። «ዛሬ ቂርቆስ ውስጥ የት ምሳ ልብላ?» ለሚል ግን የአሥር ዓመት መልስ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከማደሳችን በፊት መጠየቅ ያለብን፣ ሰው የሚፈልገው ነገር በእርግጥ ተለውጧል ወይ የሚለውን ነው።

ማጭበርበሩ የሚመጣው ይህን ጥያቄ ስንዘልለው ነው። ጽሑፉን ሳይነኩ ቀኑን ብቻ በየሰኞው የሚቀይር ፕሮግራም መጻፍ ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከባድ አይደለም። ጎግል ግን ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ፣ ይዘቱ ሳይለወጥ ገጽን አዲስ ለማስመሰል ቀን መቀየርን ከመጥፎ ምልክቶች ጋር ቆጥሮታል። ሳይትማፕ በሚባለው የገጾች ዝርዝር ላይ የሚጻፈውን የመጨረሻ ለውጥ ቀንም የሚጠቀምበት፣ ቀኑ ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው ነው። መፈለጊያው ባይነቃብን እንኳ አንባቢው አለ። «ዛሬ ታድሷል» የሚል ሲያነብ አንድ ሰው ዛሬ አይቶ አረጋግጧል ብሎ ያምናል፣ ታክሲ ይዞም ይመጣል። ሳናይ የጻፍነው ቀን ሳናይ የሰጠነው ምስክርነት ነው። በመድረሳም በትምህርት ቤትም የተማርነው አማና ይህን አይፈቅድም።

ማደስ በኪታብ ቤት የምናውቀው ነገርም ነው። ኢማሙ ሻፊዒይ ረሒመሁላህ ከዒራቅ ወደ ግብፅ ከሄዱ በኋላ ብዙ አቋሞቻቸውን ዳግም መርምረዋል። የዒራቁ «ቀዲም»፣ የግብፁ «ጀዲድ» ተብሎ ይታወቃል፤ የመዝሀቡ ሊቃውንትም በመሠረቱ የሚይዙት ጀዲዱን ነው። ሁሉንም አልለወጡም፤ የለወጡት ማስረጃው ያስለወጣቸውን ነው። የቀድሞውም ቃል ከታሪክ አልተሰረዘም፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ተለይቶ ተያዘ እንጂ። ለአንድ ሱቅ ገጽም ከዚህ የሚወሰድ ሥርዓት አለ፦ የተለወጠውን መለወጥ፣ መቼ እንደተለወጠ መጻፍ፣ ያልተለወጠውን መተው።

ከካዛንቺስ ለተነሳ ነጋዴ ይህ ምን ማለት ነው? የቀድሞ ገጹን ሰርዞ ከዜሮ መጀመር የለበትም። ሌሎች ገጾች ያገናኙት በአሮጌው ሊንክ ነው፤ እሱ ከጠፋ ያከማቸው ቦታም አብሮ ይጠፋል። በዚያው ገጽ ላይ አዲሱን አድራሻና የተዛወረበትን ቀን ከላይ ይጻፍ። የድረ ገጹ አድራሻ የግድ ከተቀየረም አሮጌው በቋሚነት ወደ አዲሱ እንዲመራ ይደረግ። ጎግል ካርታ ላይ በስሙ ያለውን ቦታ አድራሻ ያስተካክል፤ ሥራውን ጨርሶ ያቆመ ደግሞ «በቋሚነት ተዘግቷል» የሚለውን ይምረጥ። ከዚያም ሰርች ኮንሶል በሚባለው ነፃ መሣሪያ ገጹ ዳግም እንዲነበብ መጠየቅ ይቻላል።

«ቴሌግራም ላይ ተናግሯልኮ፣ ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። የቴሌግራም ማስታወቂያ የሚደርሰው አስቀድሞ ለሚያውቀው ደንበኛ ነው፤ እሱም በሳምንቱ በሌላ መልእክት ይሸፈናል። ፍለጋ የሚያመጣው ግን ገና የማያውቀውን ሰው ነው፤ አዲስ ሰፈር የገባ ነጋዴ በጣም የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ሌላው ደግሞ «ኪራይና ትራንስፖርት ያስጨነቀው ሰው ስለ ድረ ገጽ ያስባል?» ይላል። ልክ ነው፣ አያስብም። ገጽ ማደስም የተበተነ ጉርብትናን አይመልስም። ሥራው የእኛ ቢሆን ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው፤ ለእኛ የአንድ ከሰዓት ድካም ነው፣ ለእሱ ግን በየቀኑ የሚመጣ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቴክኒኩን የሚያውቁ እህትና ወንድሞች በየቡድናቸው ሆነው ከካዛንቺስ የተነሱ የሚያውቋቸውን ነጋዴዎች ይመዝግቡ፤ ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ አዲሱን ቦታ ሄደው ወይም ደውለው ያረጋግጡ፤ ከዚያ ብቻ ቀን ይጻፉ። የረመዳን የሰዓት ሰሌዳም በየዓመቱ አዲስ ገጽ ከሚከፈትለት በአንድ ቋሚ ገጽ ላይ ይታደስ። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ የአምናው ገጽ ከዘንድሮው በላይ ከወጣ ጾመኛው በአምናው ሰዓት ሊያፈጥር ነው።

አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፣ ሥራችንንም ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።