ሙያቸውን የለወጡት ተዋናይ



ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ጥቂት ቤቶች ብቻ የሚታይ ነበር፤ ዛሬ ግን በቦንጋ ከተማም ሆነ በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች መብራት በደረሰበት ቤት ሁሉ ገብቷል። ማታ ቡናው ተፈልቶ ቤተ ሰብ ሲሰበሰብ የሁሉም ዐይን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ልጅ «እኔም ተዋናይ እሆናለሁ» ቢል ሊያስደንቀን አይገባም። አባት ግን ይደነግጣል፤ «ትያትር እንጀራ ይሆናልን?» ብሎ ይጠይቃል። በጎረቤት ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ። ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ የነበረው ልጅ ድንገት «ይህን ትቼ ሌላ ልጀምር» ይላል። እናቱም የጀመረውን የማይፈጽም ልጅ የወለደች መስሏት ታዝናለች።

ሁለቱ ጭንቀቶች ሥራቸው አንድ ነው። ሰው አንድ ጊዜ የያዘውን ሙያ ሊለውጥ ይገባዋልን? ቢለውጥስ የቀድሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ይቀራልን? በዚህ ወር ለዚህ ጥያቄ መልስ የምንፈልገው በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ነው። ሰውየው ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ከካፋ ጎረቤት እስከ ኢሉባቦር ድረስ ደርሷል።

ለካፋ ሰው ሙያውን ለውጦ ከቪየና የመጣ እንግዳ አዲስ ነገር አይደለም። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ወድቆ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተያዙ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ፍሪድሪክ ቢበር የሚባል ኦስትሪያዊ ወደዚህ አገር ገብቶ ነበር። ይህ ሰው በወጣትነቱ የተማረው የጫማ ሥራ ነው። ነገር ግን ስለ አፍሪካ ማንበብ ይወድ ነበርና ልቡ ወደ ካፋ ተሳበ፤ ኋላም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ምኞቱን ፈጸመ። የሕዝቡን ታሪክና ሥርዓት መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳተመው። ጫማ ሠሪ ሆኖ ቢቀር ማንም ባልነቀፈው፤ ዛሬ ግን የጥንቱን ካፋ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ የእርሱን መጽሐፍ ይገልጣል።

የዛሬው ባለታሪካችን ካርልሃይንዝ በም ይባላሉ። የተወለዱት መጋቢት 7 ቀን 1920 ዓ.ም. በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ ሲሆን በዜግነታቸው ኦስትሪያዊ ነበሩ። አባታቸው ካርል በም በዓለም ስማቸው የገነነ የሙዚቃ ጓድ መሪ፣ እናታቸውም የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ። ልጅየው መጀመሪያ የተመኙት ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ነበር፤ ይህ አልሆነላቸውምና ወደ ትያትር አዘነበሉ። የታላቅ አባት ልጅ መሆን ክብር እንደ መሆኑ መጠን ሸክምም ነው። የራሱን ስም ለማቆም የሚጥር ልጅ ይህን ያውቀዋል።

በ1948፣ በ1949 እና በ1950 ዓ.ም. በተከታታይ በወጡት «ሲሲ» በተባሉት ሦስት ፊልሞች የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ሆነው ተጫወቱ። ሮሚ ሽናይደር የተባለችው ተዋናይት ደግሞ እቴጌዋን ሆነች። ፊልሞቹ በጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ እጅግ ተወደዱ፤ የወጣቱ ንጉሥ መልክም በየቤቱ የሚታወቅ ሆነ። ዝና ግን እንደ ጠባብ ልብስ ነው፤ ያጌጡበት ሰው እንደ ልብ አይንቀሳቀስበትም። ካርልም ሌላ ዓይነት ሰው ሆነው ለመታየት ብለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው «ፒፒንግ ቶም» በተባለው የእንግሊዝ ፊልም ነፍሰ ገዳይ ሆነው ተጫወቱ። ፊልሙ በጊዜው ክፉኛ ተነቀፈ፤ ታላቅ ሥራ ነው የተባለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን በታየ ፊልም የሙዚቃ ደራሲውን ቤትሆቨንን ሆነዋል። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ራይነር ቨርነር ፋስቢንደር ለጀርመን ቴሌቪዥን ባዘጋጀው «ማርታ» በተባለው ፊልም ሚስቱን የሚያስጨንቅ ጨካኝ ባል ሆነው ቀርበዋል።

እንግዲህ ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. የሃምሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። በዚያች ሌሊት በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ የሚታይ «ቬተን ዳስ» የተባለ የውርርድ ዝግጅት በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ካርል በእንግድነት ቀርበው በዝግጅቱ ያልተለመደ ውርርድ አቀረቡ። ይኸውም ከሦስት ተመልካቾች አንዱ እንኳ በሳሔል አገሮች ለተራቡት ሰዎች አንድ ማርክ ወይም አንድ የስዊዘርላንድ ፍራንክ ወይም ሰባት ሽልንግ አይሰጥም የሚል ነበር። ሰዎች ከሰጡ ግን ራሳቸው ወደ አፍሪካ ሄደው ገንዘቡን ሥራ ላይ እንደሚያውሉት ቃል ገቡ።

በውርርዱ ካርል ረቱ፤ ከሦስት ሰው አንዱ አልሰጠም። ቢሆንም የሰጡት ሰዎች ገንዘብ ተደምሮ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። በዚህን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ገንዘቡን ለአንድ የርዳታ ማኅበር አስረክቦ ወደ ትያትሩ በተመለሰ ነበር። ይህንንም ቢያደርግ ወቀሳ የለበትም። ካርል ግን በሕዝብ ፊት የተናገሩትን ቃል እንደ ዕዳ ቈጠሩት። በዚያው ዓመት ነሐሴ 8 ቀን አባታቸው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቈዩ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በሐረርጌ፣ በባቢሌ መጠለያ የነበሩትን ተፈናቃዮች በዐይናቸው አዩ። ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። የመጀመሪያ ሥራቸውም ከመጠለያው የወጡትን ሰዎች በኤረር ሸለቆ ማስፈርና ማቋቋም ሆነ።

ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ካፋ መወሰዱን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከደረቅ ደጋ የመጣ ሰው ዝናብ በማይለየው ደን ውስጥ፣ ቋንቋውን ከማያውቀው ሕዝብ መካከል፣ ከወባ ጋር እየታገለ ኑሮ ሲጀምር ምን ያህል እንደሚቸገር የአካባቢው ሰው ያውቃል። ድርጅቱ በዚያን ዘመን ሥራውን ወደ ኢሉባቦር አሰፋ። ዛሬ በመቱ ከተማ ያለው ሆስፒታል «መቱ ካርል» እየተባለ ይጠራል። በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ዓለም ከተማ ላይ «እናት» የተባለው ሆስፒታል፣ በሐረርም የእርሻና የቴክኒክ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተሠርተዋል። በየገጠሩ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የውኃ ጕድጓዶች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የቀድሞው ሙያ ከንቱ ሆኖ ቀረን? አልቀረም። ካርል ሐኪም አልነበሩም፤ መሐንዲስም፣ የእርሻ ባለሙያም አልነበሩም። ሆስፒታሉን የሠሩት፣ ጕድጓዱን የቈፈሩት፣ ችግኙን ያፈሉት ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እርሳቸው ያዋጡት ከትያትር ቤት ያመጡትን ነው። ሠላሳ ዓመት የተለማመዱትን ድምፅ፣ ሕዝብ የሚያውቀውን መልክ፣ በብዙ ሰው ፊት ቆሞ ልብ የመንካት ችሎታ ይዘው በየጊዜው ወደ አውሮፓ እየተመለሱ ለኢትዮጵያ ገበሬ ለመኑ። ንጉሥ ሆነው ያዩዋቸው እናቶች ለማኝ ሆነው ሲመጡ ሰሟቸው። እንግዲህ የለወጡት የሥራቸውን ዓላማ ነው እንጂ መክሊታቸውን አልቀበሩም፤ በሌላ ገበያ ነገዱበት።

የካፋ ገበሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በአንድ ደን ውስጥ ቡና ይለቅማል፤ በዚያው ደን ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቈርጣል፤ ከሥሩ ኮረሪማ ይሰበስባል፤ በጓሮውም እንሰት ይተክላል። ቡናው ባያፈራ ማሩ ይደግፈዋል፤ ሁለቱም ቢጠፉ እንሰቱ አለ። ይህን ሁሉ የያዘው ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በዓለም አቀፍ የሰውና የተፈጥሮ መጠበቂያነት ተመዝግቧል። ከአንድ ሙያ ወደ ሌላ መሸጋገር ለእንዲህ ያለ ገበሬ ወላዋይነት አይመስለውም። ነገር ግን ቡና ተተክሎ ፍሬውን ለማየት ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ እንደሚያስፈልግም ያውቃል። ገና ሳያፈራ ነቅሎ ሌላ የሚተክል ሰው ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

ታሪኩን ስንናገር የቤታቸውንም ነገር መሸሸግ አይገባንም። ካርል አራት ጊዜ አግብተዋል፤ ሰባት ልጆችም ወልደዋል። የዝናው ዘመን ለትዳር የተመቸ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ያገቧቸው የመጨረሻዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ተሾመ ኢትዮጵያዊት የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሲሆኑ በሥራው ጐን ለጐን ቆመው ረድተዋቸዋል፤ ኋላም የድርጅቱን አመራር ተረክበዋል። ለእኛ ቤተ ሰቦች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለሩቁ ሰው መልካም የሚሠራ ሁሉ በቤቱም የሚጠብቀው ዕዳ አለበት። አንዱ በሌላው አይከፈልም።

ስለዚህ ልጁ ሙያ ልለውጥ ያለው ወላጅ ከመቈጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ረጋ ብሎ ይጠይቅ እንላለን። አንደኛ፣ ልጁ ወደ አንድ ነገር እየሄደ ነው ወይስ ከአንድ ነገር እየሸሸ? ሥራው ከበደኝ፣ አለቃዬ ተቈጣኝ ብሎ የሚለውጥ ሰው በአዲሱም ሥራ አለቃና ድካም ይጠብቁታል። ሁለተኛ፣ ከቀድሞው ሙያ ምን ይዞ ይሄዳል? መምህር የነበረ ነጋዴ ቢሆን ሰውን የማስረዳት ትዕግሥት አለው፤ ተዋናይ የነበረ አስተማሪ ቢሆን የሚሰማ ድምፅ አለው። የሚይዘውን የሚያውቅ ልጅ ባዶ እጁን አይጀምርም። ሦስተኛውና ከባዱ ደግሞ የለውጡን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የሚለው ነው። ካርል ስማቸው የታወቀ፣ እጃቸውም ያላጠረ ሰው ነበሩ። በቦንጋ ግን የወር ደመወዙን እናቱና ታናናሽ እኅቶቹ የሚጠብቁት ወጣት አለ። እርሱ ሥራውን ዛሬ ቢለቅ የሚራበው እርሱ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ የቀኑን ሥራ ሳይለቅ በማታውና በዕረፍት ቀኑ አዲሱን ይሞክር፤ በቤቱም በግልጽ ተናግሮ ከወላጆቹና ከሽማግሎች ጋር ይምከር። ወላጅም ምክር ሲጠየቅ ቍጣ አይመልስ፤ በቍጣ የተዘጋ ቤት ልጁ ሳይመክር እንዲወስን ያደርገዋልና።

ተዋናይ ልሁን ለሚለውም ልጅ መልሳችን ከዚህ የተለየ አይደለም። ትያትር ጥናት፣ ልምምድና ትዕግሥት የሚፈልግ ሙያ ነው፤ በሥራ ፈትነት አይቈጠርም። ነገር ግን ጭብጨባው የሚቆምበት ቀን እንዳለ ይወቅ፤ በዚያን ቀን የሚተርፈው ሌላ ነገር በውስጡ እንዲኖር ከአሁኑ ይማር።

ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጣቸው፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ለሰው ልጆች ወንድማማችነት የሚሰጠውን የባልዛን ሽልማት ተቀበሉ። በተወለዱ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. በኦስትሪያ፣ በሳልዝቡርግ አቅራቢያ ዐረፉ። በአውሮፓ ብዙ ሰው ዛሬም የሚያስታውሳቸው በፊልሙ ንጉሥነት ነው። በመቱ ሆስፒታል ልጇን ታቅፋ ተራዋን የምትጠብቅ እናት ግን ያን ፊልም አላየችውም፤ «ካርል» ስትል የምታስበው ልጇ የሚድንበትን ቤት ነው። አባቶቻችን ሙያ በልብ ነው ይላሉ። ልጆቻችንን «ምን ትሆናላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ «ለማን?» ብለንም ማከል አይዘንጋን።