አንድ አርሶ አደር ለስንቱ ይመሰክራል?

በአርሲ ደጋ ሰብል የሚደርስበት ወቅት ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያውም የሥራ ወቅት ነው። የቢራ ፋብሪካው፣ የረድኤት ድርጅቱ፣ የዞኑ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት፣ ሁሉም በራሱ ሠራተኛ ወይም ከአዲስ አበባ በቀጠረው ኤጀንሲ በኩል አንድ ሰው ያፈላልጋል። የሚፈለገው ማሳው ላይ ቆሞ «ድሮ ይህን ያህል ኩንታል ነበር የማገኘው፤ ዘንድሮ እጥፍ ሆነልኝ» የሚል አርሶ አደር ነው። በሙያው አነጋገር የስኬት ታሪክ ይሉታል። ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች፣ ገብሱም ስንዴውም ወተቱም ስላላት፣ እንዲህ ያለው እንግዳ አይጠፋባትም። ክርክሩም ከዚህ ይነሳል፤ አንድን ሰው ምስክር አድርጎ ስለ ብዙዎች መናገር ሕዝብን ማስረዳት ነው ወይስ ማሳሳት?

ታሪክ ይነገር የሚለው ወገን ጠንካራ ማስረጃ አለው። አማካይ ምርት በሰንጠረዥ ስለተነገረው ዘሩን የሚለውጥ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ጎረቤቱ ያጨደውን በዓይኑ ሲያይ ግን ይጠይቃል። ይህን ኤጀንሲዎች አልፈጠሩትም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ ሥራ የጀመረውና ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የማሳያ ማሳዎችንና ሞዴል ገበሬዎችን ይዞ ነበር የተነሳው። ሌላም ጥቅም አለው። ሃይነከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ከገዛ በኋላ በአርሲ ከቢራ ገብስ አምራቾች ጋር መሥራት ሲጀምር፣ ስለ ገብስ የሚወራው በስብሰባ አዳራሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ የገበሬውን ድምፅ ማንም አይሰማም ነበር። የመስክ ጉብኝት ጋዜጠኛውን ከመግለጫና ከሪባን ቆረጣ አውጥቶ ጭቃ ያስረግጠዋል።

ተቃዋሚው ወገን የሚያነሳው ደግሞ የምርጫውን ነገር ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል የቀበሌው ባለሙያ የሚመርጠው ማሳው ለመኪና መንገድ የቀረበ፣ በሬ የተሟላለት፣ ዘር ቢከሽፍበት የማይራብ ሰው ነው። ይህ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ሄክታር በእኩል አርሶ ለሚያድረው ጎረቤቱ ግን አይመሰክርም። ከዚያ ቢሮው ውስጥ የሚሆነው ይመጣል። አርሶ አደሩ በኦሮምኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው በአማርኛ ያሳጥራል፣ ጸሐፊው ለለጋሽ በእንግሊዝኛ ያስተካክላል፣ ደንበኛው ድርጅት አይቶ ያጸድቃል። በየደረጃው የሚወድቀው «ዝናቡ ከሰመረ»፣ «ማዳበሪያው በጊዜ ከደረሰ» የሚለው ነው። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ያሳጠረው ቦታ ስለጠበበው ነው። መጨረሻ ላይ ግን «ከሆነ» የሚለው ቃል የሌለበት ታሪክ ይወጣል።

ሁለቱንም ወገን የሚፈትን ነገር እዚያው ሳጉሬ አካባቢ ደርሷል። ሳጉሬ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የወረዳውን ስም የሚጋራ ዲገሉ የሚባል የስንዴ ዝርያም አለ፤ በ1997 ዓ.ም. ግድም ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች ሲመታ ዲገሉ ቻለው። ወሬው በየማሳው ተነገረ፣ ወሬውም እውነት ነበር። ዝርያው በአጭር ጊዜ በአገሪቱ በስፋት ከሚዘሩት ስንዴዎች ግንባር ቀደም ሆነ። በእርግጥ ያስፋፋው ወሬ ብቻ አይደለም፤ የዘር ብዜቱም የኤክስቴንሽኑም ግፊት ነበረበት። ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. ግን ሌላ በሽታ፣ የግንድ ዋግ አዲስ ዝርያ፣ በባሌና በአርሲ ተነሣ። ዲገሉ የግንድ ዋግን ይቋቋም የነበረው በዋናነት በአንድ ጂን ስለነበር ጋሻው ተሰበረ፤ አንዳንድ ማሳ ላይ ምርቱ ጨርሶ ጠፋ።

ከዚህ የታሪክ ወዳጆች «በ2003 ስለነገርነው ብዙ ሰው ከረሃብ ዳነ» ማለት ይችላሉ። ተቺዎችም «ሁሉም አንድ ታሪክ ሰምቶ አንድ ዘር ስለዘራ ጉዳቱ ሰፋ» ይላሉ። ለእኔ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥፋቱ ታሪኩ መነገሩ ላይ ሳይሆን ቀን አልባ ሆኖ መነገሩ ላይ ነው። ዘሩ በዚያ ዓመት፣ ያንን በሽታ ቻለ፤ በአፍ ሲዞር ግን «ዋግ የማይደፍረው ስንዴ» ሆነ። አበው «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት ለሰሚው ነው፤ በክፍያ ለሚናገር ባለሙያ ግን ሐሳቡን አስቀድሞ መጨመር ግዴታው ነው።

ይህ አይቻልም የሚል ካለ ካዱን መልሶ ማየት ይበቃዋል። የካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ምርት ሲያሳድግ፣ ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ማስነሣት ጀመሩ። ድርጅቱ ለለጋሾቹ የኩንታሉን ዕድገት ብቻ ማውራት ይችል ነበር። ነገር ግን በ1964 ዓ.ም. ሄኖክ ክፍሌ ስለ ሜካናይዝድ እርሻና በጭሰኛው ላይ ስላስከተለው ጉዳት ያጠናውን ራሱ ካዱ አሳተመው። ጥናቱ የተፈናቀሉትን ወደ መሬታቸው አልመለሰም፤ ስለ ካዱ ዛሬ ስንጽፍ ግን መልካሙንም ክፉውንም ከራሱ ሰነድ ማግኘታችን ለሥራው ተአማኒነት ሰጥቶታል። የትኛውም ብሮሹር ይህን አይሰጥም።

ስለዚህ ሚዛኔ ወደ ታሪኩ ያደላል፤ በቅድመ ሁኔታ። ስለ ወተት ገበያ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ማኅበር አመሠራረት ሲሆን የአንድ ሰው ታሪክ ቢበዛ አድማጭን ያነቃቃል፤ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሰው የዓመት ቀለቡን የሚያስይዝበት የዘር ምክር ሲሆን ግን ሰውየው ለምን እንደተመረጠ፣ የመሬቱ ስፋትና የወቅቱ ዝናብ አብረው መነገር አለባቸው፤ በሚቀጥለው መኸርም ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤጀንሲዎች «ለመመለሻ ጉዞ ደንበኛ አይከፍልም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ የመኪናና የአበል ወጪ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ውሉ ሲፈረም ሁለተኛው ጉዞ በበጀት ካልተያዘ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ያመጣው ታሪክ ማስታወቂያ ተብሎ ይውጣ እንጂ መረጃ ተብሎ አይሰራጭ። ልዩነቱ ከተጻፈለት ገበሬው ራሱ ይመዝነዋል።