የሚሸጠው ጀማሪው ነው

ከአዲስ አበባ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ወጣቱ አንድ ጥያቄ ይዟል። «ዴይ ትሬዲንግ እንዴት ነው የሚጀመረው?» ይላል። መላሹም ሞልቷል። በስልክ ሒሳብ ክፈት፣ ጥቂት መቶ ዶላር አስገባ፣ ቀይና አረንጓዴውን ሰንጠረዥ ማንበብ ተማር፣ ለትምህርቱም ይህን ያህል ክፈል ይባላል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ትርፉ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ዴይ ትሬዲንግ ማለት የአንድን ኩባንያ አክሲዮን ገዝቶ በዚያው ዕለት መሸጥ ነው። የኒው ዮርክ ገበያ በአገሩ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 3:30 ተከፍቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንድ ፋብሪካ በእነዚህ 6 ሰዓት ተኩል ውስጥ ምን ያህል ሊያድግ ይችላል? አክሲዮኑን ይዞ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ከኩባንያው ሥራ ድርሻውን ያገኛል፤ ኩባንያው ሲያተርፍ አብሮ ያተርፋል፣ ሲከስርም አብሮ ይከስራል። ጠዋት ገዝቶ ከሰዓት የሚሸጠው ግን በአመዛኙ የሚያገኘው ሌላው ገበያተኛ ካጣው ላይ ነው። በዚያ ላይ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለችው ልዩነት በየግብይቱ ትቆረጣለች። እንግዲህ የቀን ነጋዴዎቹ ሁሉ ሒሳብ ተደምሮ ሲታይ ይዘው ከገቡት ያነሰ ይዘው ይወጣሉ። ይህ የሒሳብ ጉዳይ እንጂ የምቀኛ ወሬ አይደለም።

«ከጠነከርኩ እኔ ከአሸናፊዎቹ ወገን እሆናለሁ» የሚል አይጠፋም። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ይህን ሥራ በአገሪቱ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ላይ በተመሠረቱ ውሎች የጀመሩ ሰዎች ተጠንተው ነበር። ከ300 ቀን በላይ ከቆዩት መካከል 97 በመቶው ከሰሩ። ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ የበለጠ ያገኙት 1.1 በመቶ ብቻ ናቸው። ልብ በሉ! እነዚህ ተስፋ ቆርጠው ያቋረጡት አይደሉም፤ የጸኑት ናቸው። በታይዋን እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2006 ያለውን ግብይት የመረመሩ ሊቃውንትም ወጪያቸውን ችለው በተከታታይ ማትረፍ የቻሉት ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ ጽፈዋል። «ልምድ ያስተካክለዋል» የሚለው የአስተማሪዎች መፈክር እዚህ ላይ ይወድቃል።

«ዛሬ ኮሚሽን የለም፣ ሁሉም ነጻ ነው» የሚል ሌላ መደለያም አለ። በአሜሪካ ትልልቆቹ ደላሎች እ.ኤ.አ. በ2019 የአክሲዮን ኮሚሽን ማስቀረታቸው እውነት ነው። ግን ደላላ መቼ በነጻ ሠርቶ ያውቃል? ሮቢንሁድ የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን ትእዛዝ ለትልልቅ ገበያተኞች እያስተላለፈ ክፍያ እንደሚቀበል በቅጡ አልገለጸም ተብሎ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ክሱን ሳያምንም ሳይክድም 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እንዲህ ያለው ደላላ የሚጠቀመው ጀማሪው ሲያተርፍ ሳይሆን አዘውትሮ ሲገዛና ሲሸጥ ነው።

ወደ «አሠልጣኞቹ» ልምጣ። የተከራዩትን መኪና ተደግፈው ፎቶግራፍ የሚነሱ፣ ያተረፉበትን ቀን አሳይተው የከሰሩበትን ሳምንት የሚደብቁ ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥምህ የሁለት ዓመት ሙሉ የደላላ ሒሳብ መግለጫ ጠይቀው። ፎቶግራፉን ሳይሆን መግለጫውን! ገቢው ከገበያው ሳይሆን ከተማሪዎቹ ክፍያ ከሆነ፣ ሸቀጡ አክሲዮን አይደለም፤ ጀማሪው ነው።

«የራሱ ገንዘብ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። በእኛ ዘንድ ግን ገንዘብ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሌሊቱን ቆሞ ያጠራቀመው ገንዘብ የእናት መድኃኒት ነው፣ የታናሽ እህት የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ ነገ የሚጣል ዕቁብ ነው። ከዚህ ገንዘብ ግማሹን ያጣ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ የቀረውን እጥፍ ማድረግ አለበት። እጥፍ ለማድረግ ደግሞ ይበደራል፤ ሲበደር ጉድጓዱ ይጠልቃል።

ነገሩ ለአገራችንም ቅርብ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ ሽያጭ አቀረበ። በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን ጀመረ። በንጉሡ ዘመን የነበረው የአክሲዮን መገበያያ በአብዮቱ ከቀረ ወዲህ ትውልድ አልፏል። ስለዚህ ዛሬ ብዙው ሕዝብ ስለ አክሲዮን የሚማረው ከዜሮ ተነሥቶ ነው። የመጀመሪያው መምህሩ ማን ይሁን? የኩባንያን ዓመታዊ ሪፖርት እንዲያነብ፣ ትርፉንና ዕዳውን እንዲመረምር፣ በጠቅላላ ጉባኤ ተነሥቶ እንዲጠይቅ የሚያስተምረው ነው ወይስ ቀይና አረንጓዴ ሲያይ ጣቱን እንዲያፈጥን የሚያስተምረው? ሁለተኛው ከቀደመ፣ ነገ የከሰረው ሁሉ «አክሲዮን ቁማር ነው» ብሎ ይሸሻል፤ እውነተኛ ኩባንያ ካፒታል ፈልጎ ሲመጣም የሚያምነው ያጣል።

የሚጀምር ሰው እንግዲህ ከባለቤትነት ይጀምር፤ በማይበደረው፣ ቤተሰቡ በማይጠብቀው ገንዘብ። ሳሩን የሚያሳየን ሁሉ ገደሉንም እንዲያሳየን የመጠየቅ መብት አለን።