የመቁረጫ መያዣችንን ራሳችን እንሥራ

የጎጃም ገበሬ ማረሻው ሲደነዝ ሌላ ይሰካል እንጂ እንጨቱን እንደ አዲስ አይጠርብም። የማረሻው መሰኪያ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ፣ አፈሩ በገፋው መጠን ከእንጨቱ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። አሜሪካዊው ስቲቨን ሞርስ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያበጀውና ዛሬም በስሙ የሚጠራው የመሰርሰሪያ መያዣ ሾጣጣ፣ በየ20 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እየጠበበ በሰበቃ ኃይል የሚይዝ ነው። የሞጣና የብቸና ቀጥቃጮች በእጃቸው የሚያውቁትን እርሱ በቁጥር ጻፈው።

ይህን ማንሣቴ ስለ ፍሬዛ ማሽን ለመናገር ነው። በትንሽ ፍሬዛ ላይ አንድ ቁራጭ ብረት መጀመሪያ ይበሳል፤ ቀጥሎ ቀዳዳው ይሰፋል፤ በመጨረሻም ጥርስ ይወጣለታል። መቁረጫው በተለወጠ ቁጥር የአዲሱ ርዝመት ስለሚለይ ከፍታው እንደገና መለካት አለበት። 20 ዕቃ ለመሥራት 60 ጊዜ መለወጥ ያሻል። አንዱ ልኬት 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ ምንም ሳይቆረጥ 3 ሰዓት ያልፋል። «ሁሉንም በስተን እንጨርስና ወደሚቀጥለው እንለፍ» የሚል ይኖራል፤ ዳሩ ግን ዕቃው ከሞርሳ በወጣና በገባ ቁጥር ቦታውን ይስታል።

መፍትሔው እያንዳንዱ መቁረጫ የራሱ መያዣ እንዲኖረውና ርዝመቱ አንድ ጊዜ ተለክቶ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ቶርማክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያስለመደው ዓይነት መያዣ 19.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ እግርና ከእግሩ ሰፋ ያለ አንገት አለው። እግሩ በኮሌት ይያዛል፤ ኮሌቱ ወደ ላይ ሲሳብ አንገቱ ከማሽኑ ተሽከርካሪ ዘንግ አፍ ጋር ይገጥማል። ርዝመቱን ሁልጊዜ አንድ የሚያደርገው ይህ ግጥሚያ ነው።

በእኔ እምነት፣ በሞጣም ሆነ በሌላ የክልል ከተማ ቶርኖና ፍሬዛ ያለው የሙያ ትምህርት ቤት ይህን መያዣ ከውጭ እስኪመጣለት መጠበቅ አይገባውም። ሾጣጣውን ኮሌት ይግዛ፤ እርሱን ያለ መሞረጃ ማሽን በትክክል ማውጣት ከባድ ነው። ቀጥ ያለውን መያዣ ግን ተማሪ ሊሠራው ይችላል።

ችግሩ ቀዳዳውን መሀል ላይ ማዋል ነው። ቀዳዳው ከመሀሉ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ ሁለት ጥርስ ያለው መቁረጫ አንዱ ጥርሱ ከሌላው 0.1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ጥርስ የታሰበው ድርሻ 0.05 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አንዱ ሁሉንም ይቆርጣል፤ ሌላው ሥራ ፈት ይዞራል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ያልተበሳው መያዣ በፍሬዛው ዘንግ ላይ ይታሰራል፤ መብሻውና ማስፊያው ብረት በተራቸው በሞርሳ ይጨበጣሉ። የሚሽከረከረው መያዣው ራሱ ስለሆነ፣ ማሽኑ የገዛ መያዣውን ቀዳዳ በራሱ መዞሪያ መሀል ላይ ያወጣል። ከመፈታቱ በፊት በመያዣውና በዘንጉ ላይ ትይዩ ነጥብ ይመታል፤ ወደፊትም ነጥብ ለነጥብ እየገጠመ ይገባል።

ይህ የመካኒክ እንጂ የሳይንስ ተማሪ ሥራ አይደለም የሚሉ አሉ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ በዚህ አነጋገር ውስጥ አለ። የልኬት ስሕተት ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ፣ 80 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ብረት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚረዝም አስልቶ፣ የጠዋት ልኬቱ ከሰዓት በኋላ ለምን እንደማይገጥም ራሱ ቢደርስበት ምን ይጎድልበታል?

መያዣው ጉድለት አለው። የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ስለሆነ ከባድ ቁርጥ ሊያስወልቀው ይችላል፤ ለትልልቅ መቁረጫ አይሆንም። ከመጠቀም በፊት አሥር ጊዜ እያወጡና እያስገቡ ርዝመቱን መለካትና መጻፍ ያስፈልጋል። አሥሩ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ከተራራቁ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንገቱ ላይ የቀረ የብረት ብናኝ ነው።