የድስቱ ድምፅ የማይነግረን

ድስት ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አንሥቶ ክብደቱን ይገምታል፤ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ወደ ብርሃን አዙሮ ስንጥቅ እንዳለበት ይመለከታል። ይህ ከንቱ ልማድ አይደለም። የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ እንደሚታፈን፣ ወፍራም ድስትም ሙቀቱን አስተካክሎ እንደሚያዳርስ ፊዚክስም ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ለጤናችን ዋና የሆነውን ጥያቄ፣ ማለትም ድስቱ ከምን ተሠራ የሚለውን፣ ክብደቱም ሆነ ድምፁ ሊመልስልን አይችልም።

በየቤታችን ያለው የአሉሚኒየም ድስት ከሁለት ዓይነት ምንጭ ይመጣል። አንዱ በፋብሪካ ይዘቱ ከታወቀ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ነው። ሌላው የእጅ ባለሙያዎች ውዳቂ ብረታ ብረት አቅልጠው የሚያፈሱት ነው። የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ከአሮጌ የሞተር ክፍሎችና ከራዲያተር ጋር እርሳስ፣ ያ ስሙን ከመጻፊያው ጋር የሚጋራው ከባድ ብረት፣ ሳይታወቅ ወደ ማቅለጫው ሊገባ ይችላል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እርሳስ በ327 ይቀልጣል፤ የሚፈላው ግን ከ1,700 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ እሳቱ አሉሚኒየሙን ሲያቀልጥ እርሳሱም አብሮ ይቀልጣል እንጂ ተንኖ አያልቅም። እሳት ሁሉን ያጠራል ብለን ልንጽናና አንችልም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በዚሁ መንገድ በካሜሩን በተሠሩ ድስቶች ላይ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በውኃ የቀጠነ የኮምጣጤ አሲድ በድስቶቹ ውስጥ ለሁለት ሰዓት አፍልተው እርሳስ ወደ ፈሳሹ እንደሚገባ አሳይተዋል። ቲማቲም የበዛበት ወጥ በዝግታ ሲንተከተክም አሲድና ሙቀት በተመሳሳይ መንገድ ይገናኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ድርሻ ከአዋቂዎች ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል፤ በአእምሮ እድገታቸው ላይ የሚደርሰው ጉዳትም የሚታረም አይደለም።

ታዲያ እነዚህ ድስቶች ይከልከሉ ማለት ነውን? በእኔ እምነት አይደለም። ክልከላ የባለሙያውን እንጀራ ይቆርጣል፤ ድሀውንም ቤተሰብ ያለ ድስት ያስቀራል። ይልቁንስ አቅም በፈቀደ መጠን የድስቱን ሥራ መከፋፈል ይቻላል። ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የሚገባበት ምግብና የሕፃናት አጥሚት በማይዝግ ብረት ድስት ይሠራ። የማይዝግ ብረት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከአሉሚኒየም 15 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ እሳቱን መቀነስና ቶሎ ቶሎ ማማሰል ያስፈልጋል። የእናቶቻችን የሸክላ ድስትም በሌሎች አገሮች ሸክላ ላይ ለእርሳስ መንስኤ የሆነው የሚያብለጨልጭ ቅብ ስለሌለበት መልካም አማራጭ ነው። በአሉሚኒየም ድስት ወጥ አይደር። ውስጡንም በሽቦና በአመድ ፈግፍጎ ማንጸባረቅ ይቅር፤ ፍግፈጋው ብረቱን የሚሸፍነውን ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይልጣልና።

የቀረው ድርሻ የእኛ የሳይንስ ሰዎች ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በኤክስሬይ ሲመታ የራሱ መለያ የሆነ ጨረር እንደሚያወጣ ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ እናስተምራለን። በዚህ መርህ የሚሠራ መሣሪያ እርሳስን በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል። የኬሚስትሪ ባልደረቦቻችንም በድስቱ ውስጥ የፈላውን ኮምጣጤ መመርመር አያቅታቸውም። ፋኩልቲያችን በዓመት ጥቂት ቀናት ቤተ ሙከራውን ለባለ ድስቶችና ለድስት አፍሳሾች ቢከፍት፣ ተማሪዎችም ይህንን የመመረቂያ ሥራቸው ቢያደርጉት ምን ይከብዳል? የትኛው ውዳቂ ለድስት እንደሚሆን፣ የትኛውም እንደማይሆን የተነገረው አፍሳሽ ለይቶ ማቅለጥ ይችላል፤ ዛሬ ግን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ገዢዋ ድስቱን አንኳኩታ የምትችለውን አድርጋለች። ጆሮዋ የማይሰማውን መስማት የእኛ ሥራ ነው።